አንዲት ፉጨት ከላይኛው ሰገነት

እሑድ፣ ጃንዋሪ 10

አኖሊኒ በሾርባ። አምስት ወንዶች፣ ወንድሜ ኤርሜቴና ጓደኞቹ። ትናንት ከሥራ ከወጣሁ ጀምሮ ሊጥ ስዳምጥ፣ ሥጋና አይብ ስሞላ፣ ስቆርጥ አመሸሁ። ዛሬ ሾርባውን አቅርቤ ዳቦ ላመጣ ወጥ ቤት ገብቼ ስመለስ ሳህኖቹ ባዶ ነበሩ።

ወሬያቸው ያው ነው። ኦፔራ። በሚቀጥለው እሑድ «ቀዛፊው» ይከፈታል። በዚህ ሳምንት ፓርማ ውስጥ ስለ ሌላ ነገር የሚያወራ ሰው አልሰማሁም። ዋናውን የሚዘፍነው ማላጉቲ የሚባል ቴነር፣ ድምፁ ወደ ላይ የሚወጣ ዘፋኝ ነው፤ እኛ ከተማ ዘፍኖ አያውቅም። ጥያቄው አንድ ብቻ... ያቺ ላይኛዋ ኖታ አለችው ወይስ የለችውም? ኤርሜቴ ኖታዋን ሊያሳየን ሞከረ። አፉ ውስጥ ዳቦ ነበር። ሊቤሮ ጀርባውን መታለት።

ለዛሬው ትርኢት ኮታቸውን ለብሰው ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆምኩ። እጄ እርጥብ ነበር።

«በሚቀጥለው እሑድ እኔም እመጣለሁ።»

ሳቁ። ኤርሜቴ አልሳቀም።

«አንቺ? ምን ልትሰሚ?»

«እናንተ የምትሰሙትን።»

«ዝም ብሎ አይሰማም እኮ ዲርቼ። መጀመሪያ መማር አለ።»

«እናንተ የት ተማራችሁ?»

«ቲያትር ቤቱ ሰገነት ላይ ነዋ!»

«እንግዲያው።»

ሊቤሮ «ትምጣ፤ ምን ቸገረህ?» አለ። ጡረታ የወጣ ባቡር ነጂ ነው፤ ከኤርሜቴ ጓደኞች እኔን ዓይን ዓይኔን እያየ የሚያናግረኝ እሱ ብቻ ነው። ኤርሜቴ ባርኔጣውን እያስተካከለ «ትምጣ። ግን እኔ ሳጨበጭብ ታጨበጭባለች፤ እኔ ዝም ስል ዝም ትላለች» አለ። የነገረው ለሊቤሮ ነው፤ ለእኔ አይደለም።

ወጡ። ሳህን አጠብኩ።

ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ከምሠራበት የሥጋና የአይብ ሱቅ ጥግ ዞር ሲሉ ቲያትር ቤቱ ነው። ኤርሜቴ ሰባት ዓመት ሲሞላው አባታችን ወደ ላይኛው ሰገነት ወሰደው። እኔ ሰባት ሲሞላኝ «እናትሽን ማን ያግዛል?» አለኝ። እናቴ ከሞተች ስንት ዘመኗ... ታዲያ ማንን ሳግዝ ነው የኖርኩት?


ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 14

ባንኮኒው ላይ አብራኝ የምትቆመው ኒቬስ ከእኔ የበለጠ ጨንቋታል።

«ምን ትለብሻለሽ?»

«ሰገነት ነው። ማን ያየኛል?»

«ወንዶቹ ያዩሻል። እዚያ ላይ ያለችው ሴት የፀጉር አስተካካዩ ሚስት ብቻ ናት። እሷም እንቅልፏን ትለጥጣለች አሉ።»

ማታ ኤርሜቴ ደወለ። ታሪኩን ላስረዳሽ አለኝ። እንዳትነግረኝ አልኩት። «ታሪኩን ሳታውቂ ምን ይገባሻል?» ስልኩን ዘጋሁት።

መጨረሻውን ሳላውቅ መግባት እፈልጋለሁ። ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። እስከ ዛሬ እኔን እንዴት እንዳመለጠኝ... ወደ ወጥ ቤት በተመላለስኩ ቁጥር ይሆናል። አንድ እንኳ የማያውቅ ሰው እዚያ ውስጥ ቢቀመጥ ምን ይጎዳል?


ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 16

ዛሬ ጠዋት ጥሪው ላይ ነበርኩ። ስለ እሱ ስሰማ ነው የኖርኩት፤ በዓይኔ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

የሰገነት ቲኬት መቀመጫ አይለይም። ሰው በጥሪው ቅደም ተከተል ይገባል፤ ቀድሞ የገባ የወደደው ቦታ ይቀመጣል። ስለዚህ ከትርኢቱ በፊት ባለው ቅዳሜ ሁሉም ከቲያትር ቤቱ ፊት ለፊት በረንዳው ሥር ይሰበሰባል። መጀመሪያ የደረሰው ሰው የሌላውን ስም ይይዛል፣ እሱው ይጠራል። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ «አለሁ» ያላለ ይሰረዛል። መጀመሪያ የሚደርሰው ሁልጊዜ ኤርሜቴ ነው። ዓምና የገዛ ሐኪሙን ሰርዞታል፤ ሰውየው ቡና ሊጠጣ ዞር ብሎ ነበር።

«ስሜን ጻፍ» አልኩት።

«አንቺ ከእኔ ጋር ነሽ። አያስፈልግም።»

«ጻፍ።»

«ዲርቼ፣ ሰው እያየን ነው።»

«ይየን። ጻፍ።»

ጻፈ። ተራዬ ሲደርስ ግን ስሜን አልጠራም። «እህቴ!» አለ። ሰው ሳቀ። ዝም አልኩ። «እህቴ!» አሁንም ዝም። ቢሰርዘኝስ? በሦስተኛው ጥርሱን ነክሶ «ሞንታኪኒ ዲርቼ!» አለ።

«አለሁ።»


እሑድ፣ ጃንዋሪ 17

መጣሁ። ኮቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። ከንዴት ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ደረጃው አያልቅም። ታላቁ በር የእኛ አይደለም፤ በጎን ነው የምንገባው፤ ምንጣፍ የለውም። ላይ ሲደርሱ ሙቀት። እርጥብ ኮት፣ የመንደሪን ልጣጭ፣ የጉሮሮ ከረሜላ ይሸታል። መቀመጫው የእንጨት አግዳሚ ነው። የፊተኛው መሐል የእነ ኤርሜቴ ነው። ማንም ቆርሶ አልሰጣቸውም፤ ግን የእነሱ ነው። በኤርሜቴና በሊቤሮ መሐል አስቀመጡኝ፤ እንደ ተያዘ ሌባ።

«አትሳዪ» አለኝ ኤርሜቴ።

«እሺ።»

«ወደ ፊት አታዘንብዪ፤ የኋላውን ትጋርጃለሽ።»

«እሺ።»

«ካልገባሽ አትጠይቂ።»

«መቼ ልጠይቅ?»

«ቤት።»

መብራት ጠፋ። ሊቤሮ የኖታ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ትንሿን ባትሪውን አበራ።

የመጀመሪያው ገቢር... ማንም አያነበውም፣ እውነቱን ልጻፍ። ሰለቸኝ። ልንሄድ ነው ልንሄድ ነው እያሉ ይዘፍናሉ፤ አይሄዱም። የነገን የሱቅ ሥራ ማሰብ ጀምሬ ነበር። ሁለተኛው ላይ የሴቷ ዘፋኝ ድምፅ አንድ ቦታ ሆዴን ያዝ አድርጎ ለቀቀኝ።

ሦስተኛው...

ናርዶ ወንዝ የሚያሻግር ቀዛፊ ነው። ወንድሙ ሸፍቶ ተይዟል፤ ማዶ ወስደው ሊሰቅሉት ነው። ሌላ ጀልባ የለም። ናርዶ ወንድሙን ወደ መሰቀያው ይቀዝፋል። ወንድሙ እጁን ታስሮ ከፊቱ ተቀምጧል። ናርዶ ለወንድሙ አይዘፍንም። ለመቅዘፊያው ነው የሚዘፍነው፤ ቀስ በል እያለ ይለምነዋል። ማላጉቲ የሚባለው ወፍራም ሰውዬ ጠፋ። አንድ መሄድ የማይፈልግ ሰው ብቻ ቀረ። ድምፁ ወረደ፣ ወረደ፣ ለጎረቤት የሚነገር ነገር ሆነና አለቀ። ጀልባው ዳር ነካ።

ጸጥታ። ሰው ሁሉ እያለቀሰ መሰለኝ። እኔ እያለቀስኩ ነበር። አጨበጨብኩ።

ብቻዬን።

ከዚያ ፉጨቱ ጀመረ። ከኋላዬ፣ ከጎኔ፣ ከፊቴ። «ውረድ!» «ኖታዋን የት ጣልካት?» «ሂሳብህን ተቀብለህ ሂድ!» ኤርሜቴ የእጄን አንጓ ጨመደደው።

«አውርጂ እጅሽን!»

«ለምን?»

«ኖታዋን አልዘፈናትም!»

«የትኛዋን?»

«ላይኛዋን! መጨረሻ ላይ የምትወጣዋን!»

ሊቤሮ ባትሪውን ወደ መጽሐፉ አዞረልኝ። ኖታ ማንበብ አልችልም፤ ግን ጥቋቁር ነጠብጣቦቹ ወደ ታች ሲወርዱ ይታያሉ። መጨረሻቸው ታች ነው።

«የታለች ታዲያ?» አልኩት።

«እዚህ የለችም» አለኝ ሊቤሮ። «ቴነሮች ናቸው የጨመሯት። መቶ ዓመት አልፏታል።»

«ካልተጻፈች ምን አጠፋ?»

«የለችም፤ ግን አለች» አለ ኤርሜቴ። «አታውቂም፣ ዝም በይ!»

ማላጉቲ ከመጋረጃው ፊት ወጥቶ ፉጨቱን ቆሞ ተቀበለ፤ ጎንበስ አለ። አንዱ እጄ ኤርሜቴ ጋ ነበር። በሌላው ጭኔን እየመታሁ አጨበጨብኩለት።

ደረጃውን ስንወርድ ማንም አላናገረኝም።


ሰኞ፣ ጃንዋሪ 18

ጋዜጣው «ሰገነቱ ፍርዱን ሰጠ» ይላል። ምን አለበት፤ ዳኛው ሲጮህ እንጂ ሲሰማ ያየ የለም።

ሱቁ በሰው እንደተሞላ ኤርሜቴ ገባ። ባርኔጣውን አላወለቀም።

«አሳፈርሽኝ።»

«ወረፋ ያዝ» አልኩት።

«አባታችን ቢኖር ምን ይል ነበር?»

«አባታችን ቢኖር እኔ ቤት ነበርኩ።»

ከገዢዎቹ አንዱ ሳቅ አመለጠው። ኤርሜቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እሱ ዝቅ ሲያደርግ ነው የሚያስፈራው።

«ሐሙስ ለሁለተኛው ትርኢት ከመጣሽ እጅሽን ጭንሽ ላይ ታደርጊያለሽ። ካልሆነ እኛ አግዳሚ ላይ አትቀመጪም።»

«ቲኬት ገዝቼ?»

«ቲኬት መግቢያ ነው። መቀመጫውን የምንሰጠው እኛ ነን።»

ወጣ። የደረቀውን የአሳማ ጭን፣ ፕሮሹቶውን፣ እየቆረጥኩላቸው የነበሩት አሮጊት «ልጄ፣ ስስ አድርጊው። ጫማ ልጠግን አይደለም» አሉኝ።

ለምንድን ነው ግን ያን አግዳሚ የምፈልገው? ምሰሶው ጀርባ ሁልጊዜ ቦታ አለ። ይሰማል፤ አይታይም እንጂ። እዚያ ሆኜ እንደልቤ ባጨበጭብ ማንን ያገባዋል?

እሱ ነው ችግሩ። ማንንም አያገባውም። አባቴ ኤርሜቴን ያስቀመጠበት እንጨት ላይ ተቀምጬ፣ እሱ እየሰማኝ፣ የሰማሁትን መናገር እፈልጋለሁ። እሱ አጠገቤ ካልሆነ ምን ዋጋ አለው?


ዓርብ፣ ጃንዋሪ 22

አደረግኩት። ጽፌ ካላየሁት አላምንም።

ማላጉቲ ትናንት ዘፈናት። ፈርቶ ይሁን ታዝዞ አላውቅም። ወንድሙን እየቀዘፈ መጣ፣ ድምፁ ወረደ፣ ልክ እንደ እሑዱ ሊያልቅ ሲል... መቅዘፊያውን ለቀቀው። ወደ መድረኩ ጫፍ መጣ። ደረቱን ነፋ። ኖታዋን ወደ ጣሪያው ላካትና ያዛት፣ ያዛት፣ ያዛት። ጀልባው ብቻውን ቆመ። የታሰረው ወንድም የሚያደርገው ጠፍቶት ጫማውን ያይ ነበር።

ሰገነቱ ከመቀመጫው ተነሳ። ኤርሜቴ ሊቤሮን ሳመው። «ነገርኩህ! ነገርኩህ አይደል!» እያለ ያለቅሳል።

እኔ ትናንት ከኤርሜቴ ቀጥሎ፣ ዳር ላይ ነበርኩ፤ ጭኔ ላይ ያለውን እጄን አየሁት። እሑድ ያስለቀሰኝ ሰው የት ሄደ? አንድ ሰው ጉሮሮውን እየሸጠ ነው። ጥሩ ጉሮሮ ነው። ግን ወንድሙስ?

በጦርነቱ ጊዜ አጎቴ ጋ ገጠር ከርመን ነበር፤ ሁለት ጣት አፍ ውስጥ ከትቶ ውሻ መጥራት ያስተማረኝ እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ያደረግኩት አይመስለኝም። ጣት አይረሳም።

ጭብጨባው ሊበርድ ሲል ነበር። ፉጨቴ ከዳር እስከ ዳር ተሰማ። የኦርኬስትራው መሪ ቀና ብሎ አየ። ታች ውድ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሁሉ ቀና አሉ። ከኋላችን አንዱ «ማን ነው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ኤርሜቴ ቀስ ብሎ ዞረ። «ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም!»

«ኤርሜቴ፣ ኦፔራው ታች ነው ያለው!» አለው አንዱ። ተሳቀ። ያ ሳቅ ነው የገደለው፤ ከፉጨቴ የበለጠ።

«ተነሺ።»

«አልነሳም።»

ሊጎትተኝ አልቻለም፤ ሰው ያያል። ታዲያ ምን አደረጉ? ተጠጋጉ። አምስቱም ወደ ግራ ተጠጋግተው አንዱ በአንዱ ላይ ሊቀመጥ ምንም አልቀረውም። በእኔና በኤርሜቴ መሐል ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ባዶ እንጨት። እስኪያልቅ እንዲያ ቆየን።


ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 23

ጋዜጣው፦ «አንዲት ፉጨት ብቻ፤ ምናልባት ከደንቆሮ።» ኒቬስ ቆርጣ የአይቡ ማቀዝቀዣ ላይ ለጠፈችው።


እሑድ፣ ጃንዋሪ 24

ለእሑዱ ማዕድ ማንም አልመጣም።

ሊጡን ለምን እንደዳመጥኩ አላውቅም። እጄ ለምዶ ነው ልበል? ሾርባው እስኪወፍር ጠበቅኩ። ከዚያ ለብቻዬ በላሁ። የቀረውን ከታች ላሉት ተማሪዎች ሰጠሁ፤ ደስታቸው አናደደኝ።

ኤርሜቴ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አንድም እሑድ ቀርቶ አያውቅም። ምን በልቶ ይሆን? ቀዝቃዛ ሥጋ በዳቦ። ቆሞ።

ስልኩ ጋ ሁለቴ ሄጄ ተመለስኩ። ይቅርታ ብለው ይመጣል። ግን ምን ብዬ? አጠፋሁ? አላጠፋሁም።


ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 26

ከሰዓት በኋላ ሱቁ ጭር ብሏል። አንድ ወፍራም ሰው እስከ አፍንጫው ሻርፕ ጠቅልሎ ገባ። አይናገርም። ፕሮሹቶውን በጣቱ አሳየኝ። ኒቬስ በክርኗ ጎሸመችኝ። ማላጉቲ!

«ስስ ነው ወፍራም?» በእጁ ምልክት ሰጠኝ። ስስ።

ኒቬስ አላስቻላትም። «ማኤስትሮ፣ ያፏጨችው እኮ ይቺ ናት!»

እገላታለሁ።

ሻርፑን ወደ አገጩ አወረደው። «እርስዎ ነዎት? ደንቆሮዋ?»

«እኔው ነኝ።»

ሳቀ። ከቅርብ ሲታይ ደክሞታል። «ሲኞራ፣ ያቺን ኖታ እንደ ሐሙስ አድርጌ ከያዝኳት ዓመታት አልፈዋል። ምን አጠፋሁ?»

«አላጠፉም። ወንድምዎን ረሱት።»

«የትኛውን ወንድሜን?»

«ጀልባው ላይ ያለውን። እሑድ ሲዘፍኑ እሱን ነበር የሚያዩት። ሐሙስ እኛን ነው ያዩት።»

የምቆርጠውን ሥጋ ጥቂት አየ።

«ስለ ዘፈን ያውቃሉ?»

«ምንም። ኦፔራ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው። ሁለቱም የእርስዎ ነው።»

«እሑድ እንደተጻፈው ዘፈንኩ፤ ሰገነቱ አፏጨብኝ። ሐሙስ እንደለመዱት ዘፈንኩ፤ እርስዎ አፏጩብኝ። የፊታችን እሑድ የመጨረሻዬ ነው። ይንገሩኝ እስቲ፣ ምን ላድርግ?»

«እኔ ሥጋ ቆራጭ ነኝ። እንዴት እንደሚዘፍኑ አልነግርዎትም። የሰማሁትን ግን ሰምቻለሁ።»

«ሰገነቱ ከጠላኝ ከርሞ የሚጠራኝ የለም። ለእርስዎ አንዲት ፉጨት ናት። ለእኔ ኑሮዬ ነው።»

ጠቅልዬ ሰጠሁት። በሩ ላይ ዞር ብሎ «ሥጋውን ግን አሳምረው ይቆርጣሉ» አለኝ። ምን ማለቱ ነው? ይኼን ብቻ ያዢ?

እውነቱን እኮ ነው። በሰው ኑሮ ላይ የማፏጨት መብት ማን ሰጠኝ? ... ለማጨብጨቡስ ማን ፈቃድ ጠየቀ? የወደደ ሰው አይጠየቅም፤ ያልወደደ ብቻ ነው የሚጠየቀው።

ማላጉቲ ሲወጣ ሊተኛ የሚሄድ ሰው ነበር የሚመስለው። አዘንኩለት። ፉጨቴን ግን አልመልሳትም።


ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 28

ሊቤሮ ተልኮ መጣ። ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«ኤርሜቴ የሚለው... በስህተት ነው ካልሽ ቦታሽን ይይዝልሻል።»

«በስህተት የሚያፏጭ ሰው አለ?»

«ዲርቼ...»

«ሁለት ጣት አፌ ውስጥ በስህተት ገባ ልበል?»

ሳቁን ለመደበቅ መስኮቱን አየ። «አይበላም እኮ። ከስቷል።»

«ወጥ ቤት አለው። ምጣድና እሳት አለው።»

«ለአንድ ኖታ ብለሽ ወንድምሽን?»

«እሱስ ለአንድ ኖታ ብሎ እህቱን? ያውም ላልተጻፈች!»

ሊቤሮ የኮቱን ቁልፍ ፈታ። ከዚያ «እውነቱን ልንገርሽ» አለ። «እሑድ እኔም ወድጄው ነበር። ዝቅ ብሎ ሲያልቅ። ሁሉም ሲያፏጭ አፏጨሁ።»

«ለምን?»

«ከእነሱ ጋር ነዋ የምቀመጠው።»

እስከ በሩ ሸኘሁት። «ኤርሜቴን ይቅርታ አልጠይቅም ብላለች በለው። አግዳሚው ላይ ግን እቀመጣለሁ በለው።»

«እንዴት አድርገሽ?»

«እንደማንኛውም ሰው።»


ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 30

ገና ሳይነጋ ወጣሁ። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። በረንዳው ሥር አንድ ድመትና አንድ ጠራጊ ብቻ።

መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ።

ቀስ በቀስ መጡ። እያንዳንዱ ወደ ኤርሜቴ ቦታ ያይና እኔን ያገኛል። ፊታቸው! ስም ተቀበልኩ፣ ጻፍኩ። ፀጉር አስተካካዩ «ኧረ የታሪክ ፍጻሜ ነው» አለ። ጻፍኩት። የተሰረዘው ሐኪም መጣ፤ ነገሩ ሲገባው እጁን ኪሱ ከትቶ ከምሰሶው ጋር ተደገፈ፤ ቡና ሊጠጣ የሚሄድ ሰው አይመስልም።

ኤርሜቴ ጥግ ላይ ብቅ ሲል ሁሉም ዝም አለ። በእርግጥም ከስቷል። አንገትጌው ሰፍቶታል። መጣና ፊቴ ቆመ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ስም እየያዝኩ። ስም?»

«ታውቂዋለሽ።»

«ስም ጥራ። ሰው እየጠበቀ ነው።»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሊቤሮ ከኋላው ሆኖ ጠራለት፤ ጻፍኩ።

ቲኬት ቤቱ ሊከፈት ሲል ደረጃው ላይ ወጥቼ መጥራት ጀመርኩ። ድምፄ መጀመሪያ ቀጠነ፤ ከዚያ ተስተካከለ። «አለሁ።» «አለሁ።» ሊቤሮ ከሁሉም ጮክ ብሎ «አለሁ!»

«ሞንታኪኒ ኤርሜቴ!» ወንድሜ አላልኩም።

ዝም። ጀርባውን ሰጥቶኝ ቲያትር ቤቱን ያያል።

«ሞንታኪኒ ኤርሜቴ!»

ዝም። «ሰርዢው!» አለ ሐኪሙ። «ሕግ ሕግ ነው!» ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ኤርሜቴ አልሳቀም፣ እኔም አልሳቅኩም። የዚህን ሰው ትርኢት ልወስድበት ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ የመጨረሻ ትርኢት አምልጦት አያውቅም። እሰርዘው ነበር? አዎ። እያለቀስኩ እሰርዘው ነበር።

«ሞንታኪኒ... ኤርሜቴ።»

ረጅም ጊዜ መሰለኝ።

«አለሁ» አለ። ወደ እኔ አልዞረም። ግን የሰማው እኔ ብቻ አልነበርኩም።


እሑድ፣ ጃንዋሪ 31

ገብቼ የፊተኛው አግዳሚ መሐል ተቀመጥኩ። ሌሎቹ ተከታትለው ገቡ። ኤርሜቴ ቆሞ ግራ ቀኙን አየ። ከእኔ አጠገብ በቀር ሌላ ቦታ አልተዉለትም፤ ሊቤሮ ሆን ብሎ ይመስለኛል ሰፋ ብሎ የተቀመጠው። ተቀመጠ። ባርኔጣውን በመሐላችን አደረገ።

በመጀመሪያው ገቢር ቃል አልተነፈሰም። በሁለተኛው ሴትየዋ ያን ቦታ ስትደርስ እስትንፋሱን ሲይዝ ሰማሁ። እኔም ያዝኩ። እሱን ቦታ ወድጄዋለሁ ለካ፤ ሦስት ጊዜ ሰምቼው ነው ያወቅኩት።

ሦስተኛው። ማላጉቲ መቅዘፊያውን ያዘ። ድምፁ ወረደ፣ ወረደ፣ እስከ መጨረሻዋ ታች ሄደ። እንደ መጀመሪያው እሑድ ሊተወው ነው ስል... ኖታዋ ወጣች። ላይኛዋ። ግን አልጮኸባትም። ከቦታው አልተነሳም፣ ደረቱን አልነፋም። እንደ ክር አቀጠናት፤ እየቀጠነች ሄዳ የት ጋ እንዳለቀች የሚያውቅ የለም።

ጸጥታ። ሰገነቱ ምን ማድረግ እንዳለበት አላወቀም። አንዱ አጨበጨበ። አንዱ አፏጨ። ከዚያ ግማሹ እንዲያ፣ ግማሹ እንዲህ፤ ጎረቤት ከጎረቤት መጯጯህ ጀመረ። ሊቤሮ መጽሐፉን ዘግቶ ዓይኑን ጠረገ። ኤርሜቴ ቆሞ፣ እጁን ከራሱ በላይ አንስቶ ያጨበጭባል፤ እንባው አፉ ገብቷል።

እኔ እጄን ጭኔ ላይ አደረግኩ። ማንም ሳያዘኝ።

አየኝ። «ለምን አታጨበጭቢም?!»

«አልወደድኩትም።»

«ምን?!»

«ቆንጆ ነው። ግን ቆንጆ መሆኑን ያውቃል።»

«ለአንቺ ብሎ እኮ ነው! ኒቬስ ለከተማው ሁሉ አውርታለች፣ ሱቅ ድረስ መጥቶ...»

«ለእኔ ብሎ ከሆነ ይባስ። ለወንድሙ ነው መዝፈን ያለበት።»

«ለወንድሙ ነው የዘፈነው! የወንድሙ ነፍስ እኮ ናት የወጣችው! ነፍስ አትጮህም፤ እንደዚያ ነው የምትወጣው!»

«ሰውየው ገና አልተሰቀለም። ነፍሱ ምን አስቸኮላት?»

አፉን ከፍቶ ቀረ። ከኋላችን ፀጉር አስተካካዩ «እውነቷን ነው!» አለ፤ ሐኪሙ «ምን እውነት አላት!» አለው፤ ሚስትየዋ ነቅታ «ምን ሆነ?» አለች።

ደረጃውን ስንወርድ ባርኔጣውን ረስቶ ተመልሶ ወጣ። እሱን ስጠብቅ የማላውቃቸው ሰዎች ከበቡኝ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ነገርኳቸው። ተቃወሙኝ። አንዱ ጣቱን ፊቴ ላይ እያወዛወዘ ነው የተቃወመኝ፤ እንዴት ደስ አለኝ! ኤርሜቴ ደርሶ በመሐል ገባና «ቆይ፣ ቆይ፣ ለእሷ እኔ ላስረዳት» አለ።

በረንዳው ሥር አስረዳኝ። አደባባዩ ላይ ቆሞ አስረዳኝ። ድልድዩ መሐል ስንደርስ ቃላት አነሱትና ኖታዋን ሊያሳየኝ ዘፈናት፤ በዚያ ድምፁ። ሰው መስኮት ከፍቶ አየን። ዝናብ ጀመረ። «ገባሽ?» «ገብቶኛል። አልወደድኩትም።» ቀድሞኝ ሄደ፤ ጥቂት ሄዶ አዲስ ሐሳብ መጣለትና ተመለሰ። ደጄ ላይ ደርሰን እንኳ አላበቃም።

«ነገ ከሥራ ስትወጪ እጠብቅሻለሁ። አልጨረስንም።»

«እራት አልሠራም፤ ደክሞኛል።»

«እራት ማን ጠየቀሽ? እያወራሁሽ ነው!»

ሄደ። ኮቱ በስብሷል። ከደረጃው መስኮት ሆኜ አየሁት፤ ብቻውን እየሄደ እጁን ያወናጭፋል።

ኤርሜቴ በሕይወቱ ሲያዘኝ እንጂ ሊያሳምነኝ ሲደክም አይቼው አላውቅም። ዛሬ ከላይኛው ሰገነት እስከ ደጄ ድረስ ሲለፋ መጣ። ድምፁ እስኪዘጋ።

አላሳመነኝም።